ሁለት ግራ እግር

ለእህቴ፣ እናታችን «መቀስ» ብላ ስም ላወጣችልሽ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ በየወሩ የሚጎበኝሽ ጉንፋን አሁንም አልተለየሽም? ልብስ ፋብሪካው ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ እንደምትቆርጪ ሰምቻለሁ፤ ቤት ስትገቢ እግርሽን ትራስ ላይ ስቀዪው፣ እንዳያብጥ። እኔ ደህና ነኝ። የስፌት መኪናዋም ደህና ናት። እንዲያውም ከሁለታችን እሷ ትሻላለች፤ ትንሽ ዘይት ከሰጧት ማጉረምረሟን ትተዋለች።

ፊደሌ ትልቅ ነው ብለሽ እንዳትስቂብኝ። እጄ ላይ ያለው ካርቶን ላይ የምናሰምርበት ወፍራም ማርከር ነው፤ በሱ ደግሞ ትንሽ ፊደል አይጻፍም። መስመርም እየዘለልኩ ነው የምጽፈው። ወረቀቱ በዛ ብለሽ አታማርሪ፤ ሦስት ዓመት ዝም ላለ ሰው ይህ ብዙ አይደለም።

ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል፣ ሁለቱም። መልስ ያልጻፍኩት አኩርፌ እንዳይመስልሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ገና አላነበብኳቸውም። የጻፍሽበት እስክሪብቶ ቀጭን ነው። ዘንድሮ የሚሸጠው እስክሪብቶ ሁሉ ቀለም የለውም። ጎረቤታችን፣ ጡረተኛዋ አስተማሪ፣ ላንብብልሽ ብላኝ ነበር። እምቢ አልኳት። የኔንና ያንቺን ነገር በሰው አፍ መስማት አልፈለግኩም፤ ሰድበሽኝም ከሆነ ራሴ አንብቤው ልሰደብ። ፖስታዎቹ የልብስ ቁልፍ መሳቢያው ውስጥ ናቸው። ቁልፍ ስፈልግ ጣቴ ይነካቸዋል፣ አንዳንዴም ቁልፍ ሳልፈልግ መሳቢያውን እከፍታለሁ።

ወሬ ከፈለግሽ፣ እህትሽ ዲዛይነር ሆናለች። አትሳቂ፣ ሰፈሩ ነው ያለው። ኮረዶቹ ከገበያ የገዙትን ተራ ሱሪ ይዘው ይመጡና ስልካቸውን አፍንጫዬ ሥር ይደግኑታል። «እትዬ፣ ይህንን አስመስዪልኝ» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ስልኩን ወዲያ አድርጊና በአፍሽ ንገሪኝ እላለሁ። ሥዕሉ ምን ያደርግልኛል፣ ዋናው አንቺ የወደድሽለት ነገር ነው እላቸዋለሁ። ይነግሩኛል። ጉልበቱ ላይ እንዲህ ታጥፎ፣ ጭኑ ላይ ኪስ ተደርጎ፣ ከታች ሰፋ ብሎ ይላሉ። የሰማሁትን እሠራለሁ። የሚወጣው ነገር ከሥዕሉ ጋር ተመሳስሎ አያውቅም። እነሱ ግን ማንም የሌለውን ሱሪ ለበስን ብለው እየተፍነከነኩ ይሄዳሉ።

ጥቁር በጥቁር መስፋትም ትቻለሁ። ጥቁር ሱሪ ሲመጣልኝ በወፍራም ነጭ ክር ነው የምሰፋው። ጥሩ ስፌት አይታይም የምትለው እናታችን ይህን ብታይ ምን ትለኝ እንደነበር ታውቂያለሽ። ልጆቹ ግን አብደውለታል። እኔም ፋሽን ነው እላለሁ። መርፌውን ደግሞ አስተማሪዋ ጠዋት ጠዋት እየመጣች አሥር መርፌ ላይ ክር አስገብታ የመርፌ ትራሱ ላይ ሰክታልኝ ትሄዳለች። ሥራ ፈትታ እንዳትውል ብዬ ነው። ጡረታ ሰው ያስረጃል።

አሁን ወደ ሞኝነቴ ልምጣ። ማዕዘኑ ላይ ያለችው ፀጉር ሠሪ የጂንስ ጨርቅ ገዝታ ከዜሮ ጀምሬ ሱሪ እንድሰፋላት አዘዘችኝ። አንቺ ትተሽው የሄድሽውን የሱሪ እግር የካርቶን ልክ አወጣሁ። ጨርቁ ጠባብ ስለነበር ደርቦ መቁረጥ አልተቻለም፤ እያንዳንዱን እግር ለብቻው፣ ለሁለተኛው ካርቶኑን ገልብጬ መቁረጥ ነበረብኝ። ታስታውሺያለሽ፣ አንዱን እግር ቆርጠሽ ስትጨርሺ እኔ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳልል «ገለበጥሽ?» እልሻለሁ። አንቺም ካርቶኑን እየገለበጥሽ «ገለበጥኩ፣ እቴቴ» ትያለሽ። አሥራ አንድ ዓመት። አንድም ቀን ሳትገለብጪ ቀርተሽ አታውቂም፣ እኔም አንድም ቀን ሳልጠይቅሽ ቀርቼ አላውቅም። ትናደጂብኝ ነበር። አንዴ እንዲያውም፣ ስትቀብሪኝም ገለበጥሽ ወይ ብለሽ ሳትጠይቂ አትቀሪም ብለሽኛል።

ያን ቀን የመጀመሪያውን እግር ቆርጬ ጨረስኩና አፌ እንደለመደው «ገለበጥሽ?» አለ። ቤቱ ጭር እንዳለ ነው። ትንሽ ጠበቅኩ። ከዚያ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ድምፄን እንዳንቺ አቅጥኜ «ገለበጥኩ፣ እቴቴ» አልኩና ሁለተኛውን ቆረጥኩ። ራሴው ጠያቂ፣ ራሴው መላሽ። ሁለቱን ሳጋጥማቸው እምቢ አሉኝ። አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ ባዞራቸው፣ ሁለቱም ግራ እግር ናቸው። ሁለት ግራ እግር ያለው ሰው ቢኖር እንዴት ባማረበት። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅኩ። ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረብኝ። ለጨርቁ አይደለም ያለቀስኩት፤ ጨርቅ ይገዛል። ድምፅሽን በራሴ አፍ ብሰማው ጊዜ ነው ያልቻልኩት። ናፍቀሽኛል። ይህን ለመጻፍ ይኸው አራት ገጽ ዞርኩ።

ብቻ ነገሩ እንዲህ አለቀ። የጂንስ ጨርቅ ፊቱ ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ ጀርባው ነጣ ያለ ነው አይደል? አንዱን እግር ጀርባውን ወደ ውጭ አደረግኩት። ግራው ቀኝ ሆነ። ሰፋሁት፤ አንዱ እግር ጠቆር፣ አንዱ እግር ነጣ ያለ ሱሪ። ፀጉር ሠሪዋ ለብሳው መስታወቱ ፊት ብዙ ቆመች። ልትጮህብኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ይህን ከየት አመጣሽው አለችኝ። ከጭንቅላቴ ነው አልኳት። ከብቸኝነት ነው ብላት አይገባትም። ከዚያ ወዲህ ስድስት ሴቶች እሱኑ አዘዙኝ። አሁን አውቄ ነው የማልገለብጠው። ቢሆንም እጠይቃለሁ።

ነገርን ነገር ያነሳዋል። ባለፈው ሳምንት ረጅሙ ሹፌር መጣ። የሰርጉ ሱሪ ያጠረበት፣ እሱ። አዲስ ሱሪ ሊያዝ ነው የመጣው፤ ሰው እንዴት ይቅር ባይ ነው።

ያን ጊዜ የሆነውን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ግን ልጻፈው፣ ተጽፎ ካላየሁት የካድኩት ይመስለኛል። ሹፌሩ ሱሪውን ለብሶ መስታወት ፊት ሲቆም ካልሲው ታየ። እናቱ አፏን በእጇ ያዘች። አንቺ ቀስ ብለሽ፣ እቴቴ፣ አንቺ ለክተሽ ጠርተሽልኝ ደብተሩ ላይ በጻፍኩት ቁጥር ነው የቆረጥኩት፣ እስኪ እንደገና ለኪው አልሽኝ። መለካት ነበረብኝ። አልለካሁም። እኔ በትክክል ካልለካሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብዬ በሰው ፊት ማልኩ። አንቺ ነሽ ለእጥፋት ትርፍ ጨርቅ ሳትተዪ የቆረጥሽው አልኩሽ። ይህም አልበቃኝም። እናታችን ብትኖር መቀሱን ከእጅሽ ትነጥቅሽ ነበር አልኩ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። አንቺም መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሽ፣ በሦስተኛው ቀን ሻንጣሽን ይዘሽ ሄድሽ።

እና ባለፈው ሳምንት ሹፌሩን ከወገቡ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ለካሁት። ደብተሩን ለራሱ ሰጥቼው፣ ዘጠና ሦስት ብለህ ጻፍ አልኩት። ጎንበስ ብሎ ሜትሩን አየና ሳቀ። «እትዬ፣ ዘጠና ስምንት እኮ ነው። ስምንቷን ሦስት አደረግሻት» አለኝ። ሌላ ሜትር አምጥቼ ለካሁት። አሁንም ዘጠና ሦስት ነው አልኩ፣ አሁንም ዘጠና ስምንት ነው አለኝ። ከሰርጌ ወዲህ ደግሞ አልረዘምኩም ብሎ ቀለደ። ሳቅኩለት። ዘንድሮ የሜትር ቁጥሮችን እንዴት አድርገው እንደሚያትሟቸው እንጃ፣ ሁሉም እርስ በርሱ ይመሳሰላል።

እሱ ሲሄድ የድሮውን ደብተር አወጣሁና አስተማሪዋን አስነበብኳት፤ ቁጥር ምስጢር አይደለም። ዘጠና ሦስት ይላል፣ ያንቺው ጽሑፍ ነው አለችኝ። ከዚያ ያንን ሱሪ ከበሩ ኋላ አወረድኩት። ሦስት ዓመት እዚያው ተሰቅሎ ነበር፤ አልሸጥኩት፣ አልፈታሁት። እጥፋቱን በእጅ የሰፋሽው አንቺ ነበርሽ። ያኔም ቢሆን ቀጭን ሥራ ለአንቺ ነበር የምተወው። ጫፉን ገልብጬ በጣቴ ዳሰስኩት። ሁለት ጣት ሙሉ ትተሻል፣ እንደ ደንቡ፣ ከዳር እስከ ዳር እኩል።

እህቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ያንቺ እጅ ዘጠና ሦስት ሲባል ዘጠና ሦስት ቆረጠ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚሉት እኔን ነው። ምናልባት ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ፋብሪካው ውስጥ ጨርቅ በተዘረጋልሽ ቁጥር፣ ለእጥፋት ትቻለሁ ወይ እያልሽ ራስሽን ስትጠራጠሪ ኖረሽ ይሆናል። ይህን ሳስብ እህል አይወርድልኝም። ያን መሐላዬንም ሰሞኑን ደጋግሜ አስበዋለሁ። ሰው ሲምል ቃሉን መለካት አለበት።

መቀሱ ያስቀመጥሽበት ቦታ ነው። እኔ በትንሹ መቀስ ነው የምቆርጠው። ጠረጴዛውን ስወለውል ዙሪያውን እወለውላለሁ እንጂ አላነሳውም።

ሥራሽን ትተሽ ነይ አልልሽም። እንዲያ ለማለት ፊት የለኝም። ግን ሱሪ ልሰፋልሽ ጨርቁን አዘጋጅቻለሁ፣ ያንኑ ጂንስ፣ አንዱ እግር ጠቆር፣ አንዱ ነጣ ያለ። ልክሽን ላኪልኝ። በቁጥር ግን አትጻፊው። ጠንካራ ክር ውሰጂና ከወገብሽ እስከ ቁርጭምጭሚትሽ ለክተሽ ቁረጪው፣ ጫፉ ላይ አንድ ቋጠሮ እሰሪ። ለወገብሽ ዙሪያ ሌላ ክር፣ ሁለት ቋጠሮ። ለዳሌሽ ሦስት። ወፍረሽ ከሆነም አትፈሪ፣ ክሩ ለማንም አይናገርም። ፖስታ ውስጥ አድርገሽ ላኪው፣ እኔ በጣቴ አገኘዋለሁ። ደብዳቤ ባትጨምሪበትም አልቀየምም። ክሩ ከመጣ ታርቀሽኛል ማለት ነው፣ ካልመጣም ገብቶኛል። ብቻ ብዙ አትቆዪ። ክረምቱ ሲገባ ይህ ቤት እንዴት እንደሚጨልም ታውቂያለሽ፤ ዘንድሮ ደግሞ በመስኮቱ ሥር እንኳ ብርሃኑ አልበቃ ብሎኛል።

እጅሽ አይድከም። የያዝሽው መቀስ ይታዘዝሽ፣ የቆረጥሽው ሁሉ ለለባሹ ይሁን። ክፉ ሰው ከጎንሽ አይቁም። በእርጅናሽ ጊዜ የሚጠራሽ ድምፅ ከቤትሽ አይጥፋ። እናታችን ከዚያ ሆና ትመርቅሽ፤ መቀሱን ከእጅሽ ትነጥቅ ነበር ያልኩት ውሸቴን ነው፣ ያወረሰችውም ለአንቺ ነው።

ታላቅሽ፣
እቴቴ

አንድ ነገር ረሳሁ። ይህን ደብዳቤ ለማንም አላሳየሁም፣ ፖስታውንም ራሴው ነኝ የማሽገው። ማርከሩ አሮጌ ነው፤ መሃል ላይ ቀለሙ አልቆ ከነበረ አላወቅኩም። ባዶ ገጽ ካጋጠመሽ አትጣዪው። እዚያ ላይ የጻፍኩት ይቅር በይኝ ብዬ ነው።