ውሃ የማይጠጣ ዱላ

ዓርብ፣ ማርች 13፣ 2009፣ ካሮልተን

«የክሪኬት ዱላ ውሃ የሚጠጣው በጫፉ ነው፤ ከጠጣ አለቀለት» ሲል ሰማሁት፣ የምሠራበት መጋዘን ኳስ በዱላ መቺ ቡድን አምበል ራጁ። አመንኩት። ከሥራ እንደገባሁ የዱላዬን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ከአሮጌ ጫማ የቆረጥኩትን ጎማ በማስቲሽ ለጠፍኩበት። ቀሪው ገላው የተልባ ዘይት ይቀባል ስለተባለ፣ ባለቤቴ አስቴር ለጾሙ በጥብጣ ካስቀመጠችው ተልባ በደንብ አድርጌ ለቀለቅሁት።

እሷ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። «ምነው፣ እሱም ይጾማል እንዴ?»

«ውሃ እንዳይገባው ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ተልባውን በምን የበጠበጥኩት መሰለህ?»

ጠረግኩት። በፀጉር ማድረቂያዋ ሳደርቀው፣ «ለእኔ እንኳን እንዲህ አድርገህ አታውቅም» አለች።

ነገ ግጥሚያ አለን። ዱላው ዝግጁ ነው። በቡድኑ ውስጥ የእኔ ሥራ ለተጫዋቾቹ ውሃ ማቀበል ነው።