ዋፍልን ብርድ እንዳይመታው

ጃንዋሪ 10፣ ቅዳሜ
ልብስ አጠብኩ። ፍሪጅ አጸዳሁ። ዕረፍቴ እንዲሁ አለቀ ስል ኢየሩስ ከሳን ሆዜ መጣች። ልጄን ሳያት ደስ አለኝ... እጇ ላይ ያለውን እስካይ ድረስ።

ክዳን ባለው ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ታራንቱላ! ገና ጨቅላ ነው፣ የአውራ ጣቴን ጥፍር ቢያክል ነው። ግን ሸረሪት ሸረሪት ነው! ስሙ ዋፍል። አብራት የምትኖረው ሩምሜቷ "ወይ እሱ ወይ እኔ" አለቻት። ማርች ላይ ብቻዋን ወደምትኖርበት ቤት እስክትገባ እኛ ጋ ይቆያል። ባሌ ተብዬው ገረመው፣ ቀኑን ሙሉ ከወደብ ኮንቴይነር የሚጎትት ሰውዬ፣ ሶፋ ላይ ወጣ።

ስትሄድ በር ላይ፣ "ማም፣ ፕሊስ... እንዳትጥይው።"

ክው አልኩ። ታውቃለች ማለት ነው? አሥር ዓመቷ እያለ ቀንድ አውጣዎቿን ከነካርቶናቸው ጣልኩና "ጠፉ" አልኳት። አሥራ ሁለት ዓመት አለፈው። ሳን ሆዜ ከገባች ጀምሮ አንድ ቀን "ቤቴን ነይና እይ" ብላኝ አታውቅም። ይሄ ጉድ እጄ ላይ ከሞተ መቼም አትለኝም።

ጃንዋሪ 11
ቸርች ለማንም አልተናገርኩም። ምን ብዬ? "ለሸረሪቴ ጸልዩልኝ"?

ጃንዋሪ 15
ሂተሩ ተበላሸ። አከራዩ "ማክሰኞ ይሠራል" አለ። የትኛው ማክሰኞ? ቤቱ በረዶ ነው። ዋፍል ጥግ ይዞ ኩርምት ብሏል። አንጀቴን በላው... ብርድ መቶት ይሆን?

ወገቤን ሲያመኝ የምተኛበትን በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ሂቲንግ ፓድ ከፕላስቲክ ቤቱ ስር አነጠፍኩ። ከላይ ጋቢ። ክዳኑ ላይ ደግሞ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። በእነሱ ገብቶ ነዋ ንፋሱ የሚመታው! በጥጥ ደፈንኳቸው። ኢየሩስንስ ያሳደግኳት እንዲሁ አይደል?

ጃንዋሪ 17
ጉድ ሆንኩ። ጋቢውን ስገልጥ ፕላስቲኩ በእንፋሎት ታፍኗል። አፈሩ ርሷል። ዋፍል ክዳኑ ላይ ተንጠልጥሏል።

"አልቦት እኮ ነው!" ገረመው፣ ከበሩ ሳያልፍ።

ለኢየሩስ ልንገራት? "በራሱ ታመመ" ብላትስ? ... ያኔም እንዲሁ ነው የዋሸኋት። ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት፣ የቀንድ አውጣዎቹንም። "አልጠፉም። እኔ ነኝ የጣልኳቸው። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ።"

"አይ ኖው፣ ማም፣ አውቃለሁ። ቆሻሻው ውስጥ አየኋቸው።"

አለቀስኩ። ቆይታ ደግሞ፣ "ዌት... ጋቢ አለበስሽው?" ሳቀች፣ ሳቀች፣ መናገር አቃታት።

ለካ ታራንቱላ ሲሞቀው ወደ ታች ቆፍሮ ነው የሚሸሸው። እኔ ደግሞ ከታች አነደድኩበት! ቀዳዳዎቹም መተንፈሻው ነበሩ። "ክፍሉ ለአንቺ ከተመቸሽ ለእሱም ይመቸዋል" አለችኝ። ፓዱን ነቀልኩ። ጥጡን አወጣሁ። እርጥቡን አፈር በደረቅ ቀየርኩ፣ በማንኪያ፣ "በኢየሱስ ስም" እያልኩ።

ጃንዋሪ 20
ሂተሩ ተሠራ። በእውነት ማክሰኞ!

ፌብሩዋሪ 4
መብላት ካቆመ ዘጠኝ ቀኑ። ከእሱ የምታንስ ሚጢጢ ፌንጣ ሰጠሁት፣ ዞር ብሎም አላያት። ያኔ ጎድቼው ይሆን? ኤመሪቪል ቢሮ ቁጭ ብዬ ሐሳቤ እሱ ጋ ነው። አለቃዬ "ቤት የታመመ ልጅ አለ እንዴ?" አለችኝ። ምን ልበላት? አዎ አልኩ።

ፌብሩዋሪ 9
በጀርባው ተገልብጧል! ስምንቱም እግሩ ወደ ላይ። "በቃ፣ አለቀለት" አለ ገረመው። የምሩን አዘነ። ሊያነሳው ሶፍት ይዞ ሲመጣ እጁን ያዝኩት። ኢየሩስ ጋ በቪዲዮ ደወልኩ።

"ዶንት ተች ሂም! እንዳትነኩት! ቆዳውን እየቀየረ ነው!"

ቁጭ ብለን አየን። እሷ ከዚያ፣ እኛ ከዚህ። ቀስ... ቀስ... አንዷ እግር፣ ከዚያ ሌላዋ። ወጣ! ነጣ ብሎ፣ አዲስ ሆኖ። አሮጌው ቆዳ ከጎኑ። ገረመው አጨበጨበ። ሁለት ሰዓት ፈጀ። ኢየሩስ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከእኔ ጋር ስልክ ላይ የቆየችው መቼ ነው? አላስታውስም።

ፌብሩዋሪ 19
በላ! ተመስገን!

ማርች 1፣ እሑድ
ዛሬ ወሰድነው። ወሰደችው አላልኩም፣ ወሰድነው። "ማም፣ አብረሽኝ ነይ" አለች። ከቸርች በቀጥታ፣ እስከ ሳን ሆዜ ድረስ ጭኔ ላይ ይዤው። ገረመውን ከኋላ አስቀመጥነው።

ቤቷ አንዲት ክፍል ናት። ፍራሽ፣ ጠረጴዛ፣ የመጻሕፍት መደርደሪያ። መጋረጃ እንኳን የላትም። ገረመው ወዲያው መስኮቱን በስንዝር መለካት ጀመረ። እኔ ጫማዬን አውልቄ ቆምኩ፣ እንደ እንግዳ... የት እንደምቀመጥ አላወቅኩም።

ኢየሩስ ዋፍልን ይዛ ክፍሉ መሀል ላይ ዞር ዞር አለች። ከዚያ ወደ እኔ።

"ማም፣ የት ላስቀምጠው?"

እኔን ጠየቀች። እኔን! አልቸኮልኩም። መስኮቱ ጋ ፀሐይ ይጠብሰዋል። ሂተሩ አጠገብ አይሆንም። በሩ ጋ ይንኳኳበታል። መደርደሪያው ላይ ሁለተኛውን ረድፍ በእጄ አሳየኋት።

ሳትከራከረኝ እዚያው አስቀመጠችው።