የዐይን ምርመራን አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሰቀለው አዲስ ፕላን

ለተከበሩ የመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ጉልበትዎ ሳይዝል፣ ትንፋሽዎ ሳይቆራረጥ ከመላው ቤተሰብዎ ጋር በጤና እንዲኖሩ ከልብ እመኛለሁ። የጉልበትንና የትንፋሽን ውድነት ያስተማረኝ የመሥሪያ ቤትዎ ደረጃ ስለሆነ፣ ምኞቴ ከአንገት በላይ እንዳይመስልዎት።

የአዲሱን ሕንፃ ፕላን በር ላይ ለጥፈው አስተያየታችንን ስለጠየቁን እጅ እንነሣለን። እኔም እንዳቅሜ እነሆ ብያለሁ።

አንደኛ፤ ባለቤቴ ሾፌር ነው። ግራ እግሩን በአደጋ ካጣ ወዲህ በክራንች ይሄዳል፤ ቀኙ ደህና ስለሆነ ግን አውቶማቲክ መኪና እየነዳ ለየሱቁ ዳቦ ያከፋፍላል፣ እኛም በዚያው እንኖራለን። ባለፈው ወር መንጃ ፈቃዱን ለማሳደስ አብረን መጣን። የዐይን ምርመራው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለም፤ ደረጃውም የእጅ መደገፊያ የለውም። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ዐይን አርቆ ስለሚያይ ታስቦበት እንደተሠራ አልጠራጠርም።

ሁለተኛ፤ የበሩ ጥበቃ ደግ ሰው ነውና «አባት፣ አዝዬ ላውጣዎት?» አለው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ዕቃ ሲያመላልስ የኖረው ባለቤቴ «እኔ ጭነት አይደለሁም፣ ወንድሜ» ብሎ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ቁጭ አለ። ሲናደድ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሲያፍር ግን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሦስተኛው እንኳ ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነበር። መርማሪዋ ነገሩን ሰምታ የፊደል ሰሌዳዋን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወረደች፤ ግቢው አጥር ላይ ሰቅላም «በሉ ጋሼ፣ ከላይ ይጀምሩ» አለችው። እስከ ደቃቋ መስመር ድረስ አንበለበለላት፤ ተሰላፊው ሁሉ አጨበጨበ። መንጃ ፈቃዱም በዚያው ቀን ታደሰ።

መሥሪያ ቤትዎ ደግሞ ውለታ አይረሳምና «የመንግሥት ንብረት ያለፈቃድ ከቢሮ አውጥተሻል» ሲል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጣት። ሰሌዳው ጭረት እንኳ ሳይነካው መመለሱን በዐይኔ አይቻለሁ፤ ካስፈለገም ቀርቤ እመሰክራለሁ።

በአዲሱ ፕላን ሊፍት ሳይታከል ምርመራው ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ፎቅ ማደጉን ስናይ፣ ዕድገት ማለት ይህ ነው ብለን ተደነቅን። ሆኖም ዕድገቱ ለእኛ ስለሚበዛብን ምርመራው ምድር ላይ እንዲወርድልን፣ የልጅቷም ማስጠንቀቂያ እንዲነሣላት በትሕትና እለምናለሁ። ፈቃዱ በየጊዜው ይታደሳልና ባለቤቴ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም፤ ያኔ ሰሌዳ ይዛ የምትወርድ ሰው እንዳናጣ ነው ፍርሃቴ።

ክብርዎ ደረጃ በደረጃ ከፍ እንዲል የምትመኝልዎ፣
የዳቦ አከፋፋዩ ሾፌር ባለቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ በፕላኑ ላይ ምድር ቤቱ እንዳለ ለእርስዎ መኪና ማቆሚያ መመደቡን አይተናል። መኪና ደረጃ መውጣት እንደማይችል የተረዳ ሰው በመሥሪያ ቤቱ በመገኘቱ ትልቅ ተስፋ አድሮብናል።