አባቱ ሳይሞት የተላጨ

ለወንድም ጋሼ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? የሳርናት ገዳም ብርድ እንዴት ይዞሃል? ጉልበትህስ? እኛ ከአባባ በቀር ደህና ነን። «ደህና» የሚባል ነገር መኖሩን በመጽሐፎችህ እንደምትጠራጠር አውቃለሁ፤ የእኔ የሂንዲ ግጥም ግን ገና እዚያ አልደረሰም።

አባባ እህል ውሃ አልቀምስም ብለዋል። «የሬሳዬን እሳት የበኩር ልጄ ይለኩሳል፤ እሱ መጥቶ ቃል ሳይገባልኝ አልውጥም» ይላሉ። የላክኸውን መልስ አነበብኩላቸው። «እኔ» የምንለው ነገር እንደሌለ ግሩም አድርገህ አስረድተሃል። ዓይናቸውን ሞራ ቢጋርደውም ጆሯቸው ደህና ነው፤ እስከ መጨረሻው ሰሙና «ታዲያ ሠርጉን ጥሎ ወደ ቡድሃ የሄደው ማን ነበር?» አሉ። ለዚህም መልስ ብትልክልን ደስ ይለናል።

ትናንት ባለቤቴ ኢንዱማቲ ገበያ ስትወጣ አንተን ልሆን ወሰንኩ። ራሴን ላጭልኝ ስለው ፀጉር አስተካካያችን ራምኬላዋን ምላጩን እንደያዘ ቀጥ አለ።

«ወንድሜን! አዛውንቱ መቼ ዐረፉ?»

አላረፉም አልኩት።

«አብደሃል እንዴ? አባቱ በሕይወት እያለ ራሱን የሚላጭ ልጅ የት አየህ?»

ለግጥም ነው ስለው አመነኝ። ከገጣሚ የማይጠበቅ ነገር የለም።

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። ጎረቤታችን የብሪጅናት እናት በራችን ላይ ደረቷን እየደቃች «እኚያን የመሰሉ መምህር!» ትላለች፤ ሌላውም ሰው ይቀበላታል። ከውስጥ አባባ «ማን ሞተ?» ብለው ጮኹ። «እርስዎ ነዎታ!» አለቻቸው፣ ለቅሶዋን ሳታቋርጥ። ከዚያ በኋላ ግን ለቅሶው አልሞቀም።

ሰዉን ሸኝቼ፣ የኢንዱማቲን ቢጫ ሳሪ እንደ አንተ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጥኩ። እጃቸው ራሴን ዳሰሰ።

«መጣህ?»

መጣሁ አልኩ፣ ሰው በሚያስተኛው በአንተ ድምፅ።

ከዚያ «የሄድከው አንተ ነህ፤ በሩን የዘጋሁት ግን እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ፤ እኔም ይቅር ብዬሃለሁ» አሉ። ደግሞም «ወንድምህ ጣራ ላይ ሆኖ ግጥሙን ሲያነብ የማልሰማ ይመስለዋል። ግማሹን በቃሌ አውቀዋለሁ። ግማሹ ይረዝማል። እሳቴን እሱ ይለኩስልኝ። አንተ አጠገቡ ቁም፤ ሌላ አልጠይቅህም» አሉ።

የመነኩሴ ዝምታ እንደሚመስልልኝ ተስፋ አድርጌ ብድግ አልኩ። በሩ ላይ ስደርስ ጠሩኝ።

«ወተቱን ራስህ አፍላልኝ። ሚስትህ ስኳር ታበዛለች።»

አፈላሁ። ግማሹን ጠጡ። እኔም አልጠየቅኋቸው፣ እሳቸውም አልነገሩኝም።

ስለዚህ ጋሼ፣ ና። እሳት አትለኩስም፣ ጸሎት አትደግምም፤ ፍልስፍናህን የሚነካብህ የለም። መቆም ብቻ ነው። ሐኪሙ ራሱን ነቅንቆ ሄዷል፤ ከሳርናት እስከ እኛ ጋዚፑር ደግሞ ሩቅ አይደለም። ይቅርታው የአንተ ነው፤ እኔ ይዤልህ ነው ያለሁት፣ ከበደኝም።

ቅድስቷ ወንዝ እናታችን ጋንጋ ትጠብቅህ። በእሷ ካላመንክ የምታምንበት ይጠብቅህ። በምንም የማታምን ከሆነም መንገድ ላይ ተጠንቀቅ።

እሳቱን የምለኩሰው
ታናሽ ወንድምህ