ለልጆቻቸው ሁሉ ተራ የሰጡት የእትዬ የሕይወት ታሪክ

እትዬ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1944 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ከእሳቸው በኋላ አራት ሴቶች ስለተከተልን፣ አምስታችንም የምንተኛው በአንድ ፍራሽ ላይ ነበር። ብርድ ልብሱ ደግሞ ዳር ላሉት አይደርስም። ስለዚህ እትዬ ገና በልጅነታቸው መሃል መተኛትን በተራ አደረጉት፤ አንዷን ከሌላዋ አያስበልጡም ነበር። ይህን የምጽፈው እኔ፣ የመጨረሻዋ እህታቸው፣ ባለቅስም ያለተራዬ መሃል ተኝቼ አላውቅም።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው ከእናታቸው ጎን ስፌት ጀመሩ። በ1966 ዓ.ም. ጥጥ ነጋዴ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ። የባልን ጥጥና የሚስትን ስፌት አንድ ላይ አድርገው በቤታቸው የፊት ክፍል ፍራሽ መሥራት ያዙ። ያኔ የተቀጠሩት የመጀመሪያው ሠራተኛ፣ ከቅጥነታቸው የተነሳ ሁላችንም ጋሼ መርፌ የምንላቸው ሰፊ ናቸው። እሳቸው የሰፉት የፍራሽ ጠርዝ አይላላም። ሥራው አድጎ ወደ አዳራሽ ሲዛወር፣ ጠዋት በር የሚከፍቱትም ማታ መብራት የሚያጠፉትም እሳቸው ነበሩ። እትዬም "አንተ እኮ ቤተሰብ ነህ" ይሏቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ይህ ቃል በብዛት የሚሰማው ሥራ ሲበዛ ነው።

በ1994 ዓ.ም. ባለቤታቸው በሞት ሲለዩ አራቱም ልጆች ሥራውን እኔ ልምራ አሉ። እትዬ እንደ ልጅነታቸው ተራ አወጡ፤ እያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ዓመት እንዲመራ ተወሰነ። ለልጆቹ ፍርዱ ትክክል ነበር። ታላቁ የመቁረጫውን ጠረጴዛ ወደ መስኮት አስጠጋ፤ ተከታይዋ ወደ ግድግዳ መለሰችው። ሦስተኛው በስፖንጅ ካልተሠራ አለ፤ የመጨረሻዋ ስፖንጁን አስወጥታ ጥጥ አስገባች። አንዱ ያመሰገነውን ሠራተኛ ቀጣይዋ "የወንድሜ ሰው" ብላ ታገልለዋለች። ሠራተኞቹ ዓመቱ በተለወጠ ቁጥር "ዘንድሮ ደግሞ ፊታችንን ወዴት እናዙር?" እያሉ ይሳሳቁ ነበር፤ እየቆየ ሳቁም ቀረ።

አንድ ቀን ጋሼ መርፌ "እትዬ፣ ለልጆችዎ ሁሉ ተራ ሰጡ። እኛም ቤተሰብ ከሆንን የኛ ዓመት መቼ ነው?" ሲሉ ጠየቁ። እትዬም ልጆቻቸውን ሰብስበው፣ ሥራውን ጋሼ መርፌ በቋሚነት ይምሩት ብለው ለመኑ። አራቱም "ሌሎቹ ከተስማሙ እኔ ምን ቸገረኝ" አሉ። ሁሉም ሌሎቹን ሲጠብቅ ነገሩ በዚያው ተዳፍኖ ቀረ። የሆድ ነገር ሆድ ይቆርጣል፤ ቢቆጡ ልጅ ይከፋል፣ ዝም ቢሉ ሰው ይሄዳል። እትዬ እጅ አጠራቸው። እኛም እህቶቻቸው አብረን ከማዘን በቀር የምናደርገው አልነበረንም።

በ2006 ዓ.ም. ጋሼ መርፌ ረጅሙን የፍራሽ መርፌ ጠርገው እትዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና ወደ ቤታቸው ሄዱ። እትዬ እስከ በሩ ሸኟቸው። በምን አፋቸው አትሂድ ይበሉ? ወጣቶቹ ሠራተኞችም ተከትለው ወጡ። ከዚያ ወዲህ የተሸጡ ፍራሾች ጠርዛቸው እየተፈታ ይመለሱ ጀመር።

እትዬ ባደረባቸው የልብ ሕመም ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ዋሉ። ልጆቻቸው ማስታመሙንም በየሳምንቱ ተራ አደረጉት፤ ከእናታቸው የተማሩት ነው። እሑድ የካቲት 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ተራ የሚለወጥበት ቀን ነበር። ትንሹ ወንድ "እህቴ መንገድ ላይ ናት" ብሎ ወጣ፤ እሷ ደግሞ "እስከ ማታ እሱ አለ" ብላ ቆየች። በዚህ መሃል ጋሼ መርፌ እንደ ልማዳቸው ሊጠይቁ መጥተው፣ በሩ ገርበብ ብሎ፣ እትዬን ለብቻቸው ትንፋሽ አጥሯቸው አገኟቸው። የጠሩት ጎረቤት፣ ሐኪም ሊያመጣ ሮጠ። ጋሼ መርፌ ከፍራሹ ጠርዝ ተቀምጠው እጃቸውን ያዙ። እትዬ ዓይናቸውን ሳይገልጡ "የማን ተራ ነው?" አሉ።

ጋሼ መርፌም "የኔ ነው እትዬ" አሏቸው። ሐኪሙ ሲደርስ እትዬ በሰባ አንድ ዓመታቸው አርፈው ነበር።

እትዬ የአራት ልጆች እናት፣ የስድስት ልጆች አያትና የአራት እህቶች ታላቅ ነበሩ። ከሐዘንተኞቹ ተርታ ጋሼ መርፌን የት ልጻፋቸው ብዬ ልጆቹን ጠየቅሁ፤ አራቱም "ሌሎቹ ከተስማሙ" አሉኝ። ስለዚህ እዚህ ለብቻቸው ጽፌያቸዋለሁ።

ፈጣሪ ለእትዬ ነፍስ ተራ የማይጠበቅበትን ዕረፍት ይስጥልን።