ፈቃድ ያጣው የፍቃዱ አንቴና

ለተከበሩ አቶ ደምመላሽ፣ የቀበሌያችን የጸጥታ ጉዳይ ኃላፊ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጠነከረ፣ እንቅልፍዎም እንደ ቢሮዎ በር ማንም የማያንኳኳው ይሁንልዎ እላለሁ። እኔ እዚሁ ቦንጋ የፊዚክስ መምህርና የእትዬ አስካለማርያም ተከራይ የሆንኩት ፍቃዱ ነኝ። ስሜ ፍቃዱ ሆኖ የአንቴና ፈቃድ በማጣቴ ቢሮዎ በሳቅ ሲፈርስ እንደሚውል ሰምቻለሁ፤ ለመሥሪያ ቤቱ ደስታ አስተዋጽኦ በማድረጌ ኩራት ይሰማኛል።

ጉዳዩን ለማያውቁ የቢሮዎ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። ባለቤቴ ተሾመች አዋላጅ ነርስ ስትሆን፣ የምትሠራው ከደካ ከተማ ወዲያ፣ ስልክ በማይሠራበት የገጠር ጤና ጣቢያ ነው። ሁለታችንም ከሚመለከተው አካል የአማተር ራዲዮ መነጋገሪያ ፈቃድ አውጥተናልና፣ ምሽት አንድ ሰዓት ሲሆን እሷ ከዚያ፣ እኔ ከዚህ ሆነን በራዲዮ እናወራ ነበር። አንቴናዎቹን በእጄ የሠራኋቸው እኔ ነኝ። ተሾመች ነፍሰ ጡር ናት፤ ወሯ ገብቷል። ለመውለድ ወደ ቦንጋ የምትመጣበትን ቀን በራዲዮ ልትነግረኝ፣ እኔም ሄጄ ላመጣት ተስማምተን ነበር።

አንደኛ፤ ቋሚውን አንቴናዬን በተመለከተ። ከቤቱ ጣሪያ ክፈፍ እስከ ጓሮው ዋንዛ የተዘረጋ የመዳብ ሽቦ ነበር። እርስዎ ለአንቴናው ፈቃድ ባስገባሁት ማመልከቻ ላይ «ቋሚ» የሚለውን ቃል ሲያነቡ፣ ቋሚ ከሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ነው፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ከሆነ ግንባታ ነው፣ ግንባታ ከሆነ የይዞታ ካርታ ይቅረብ ብለው አስወረዱት። ነፋስ ሲነሳ ከሰፈሩ ሁሉ አብልጦ የሚንቀሳቀሰው እሱ መሆኑንና ተከራይ ካርታ እንደሌለው ባስረዳም፣ ሕግ ሕግ ነው ብለው አስተማሩኝ። ከዚያው ጥቅል ቆርጬ ለጎረቤት የሰጠሁት ሽቦ ግን እስከ ዛሬ ያለ ካርታ ተወጥሮ ልብስ ይሰጣበታል። ጥፋቴ ካልሲ አለመስቀሌ እንደነበር ዘግይቶም ቢሆን ገብቶኛል።

ሁለተኛ፤ ተንቀሳቃሹ። ቋሚው ከተከለከለ ተንቀሳቃሽ ልሥራ ብዬ፣ የቤታችንን የመጋረጃ ዘንጎች አንዱን በአንዱ ውስጥ እየሰካሁ፣ ሽቦ ጠምጥሜባቸው፣ በቦርሳ የሚያዝ አንቴና ሠራሁ። ይዤው ከከተማ ወጣ ወዳለው ኮረብታ ሳመራ፣ ቡናና ማር በሚፈተሽበት ኬላ ያሉ ሰዎች ይለፍ ጠየቁኝ። ይለፍ ፍለጋ ወደ እርስዎ ብመጣ፣ ተንቀሳቃሽ ንብረት ይለፍ የሚያገኘው ቋሚ አድራሻ ሲኖረው ነውና የት እንደሚቆም አስመዝግብ አሉኝ። የት እንዳይቆም እንደከለከሉኝ ሳስታውስዎ ዘንጎቹ ኤግዚቢት ሆነው ቀሩ። መስኮታችን ያለ መጋረጃ በመቅረቱ እኔን እንዲከታተል የመደቡት የጥበቃ ሠራተኛዎ ልፋት እንደቀነሰለት ተስፋ አደርጋለሁ፤ ድሮ ከመጋረጃው በላይ ለማየት በእግሩ ጣቶች ጫፍ ነበር የሚቆመው፣ አሁን ተመቻችቶ ያየኛል።

ሦስተኛ፤ ይኸው ሠራተኛ ባቀረበው ሪፖርት፣ ተከራዩ በየምሽቱ ከአንዲት ሴት ጋር ድብቅ ግንኙነት ያደርጋል ተብሎ ተጽፏል። ሴትየዋ ሚስቴ ናት። ግንኙነቱንም አልክድም፤ የራዲዮ ሰዎች መነጋገርን የምንጠራው እንዲሁ ነው። ቅሬታዬ «ድብቅ» በምትለዋ ቃል ላይ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም እትዬ አስካለማርያም ከሳሎናቸው ሆነው፣ ጎመን በደንብ ብይ እያሉ ለተሾመች ሲጮሁላት ሰፈሩ በሙሉ ይሰማ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም። ጉዳዩ ተጣርቶ እስኪያልቅ ከከተማ እንዳልወጣ፣ ማጣራቱም የሚያልቀው በወዲያኛው ጫፍ ያለችው ሴት በአካል ቀርባ ስታስረዳ እንደሆነ ወሰኑ። እንድትቀርብ የምነግራት በአንቴናው ነበር፤ አንቴናው የሚመለሰው ደግሞ እሷ ስትቀርብ ነው። ወደ ደካ ሸቀጥ የሚያመላልሰው ጀማሉዲን መልእክቴን ተቀብሎኝ ነበር፤ ግን ከደካ ወዲያ ያለው መንገድ በጭቃ ተዘግቶ፣ መልእክቱም እንደ እኔው ከከተማ ሳይወጣ ደካ ቀርቷል። ያለሁበት ክፍል ቁልፍ የለውም፤ ከከተማው መውጣት ግን አልችልም። አቶ ደምመላሽ፣ ፈርቻለሁ። በዚያ አገር ሴቱን ሁሉ የምታዋልደው እሷ ናት፤ እሷን ማን እንደሚያዋልዳት አላውቅም።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ፣ አንቴናዎቼን መመደቡ ከከበደዎ እኔን ይመድቡኝ ዘንድ ነው። ቋሚ ከሆንኩ እቤቴ ቁጭ ብዬ የሚስቴን ድምፅ ልስማ፤ ተንቀሳቃሽ ከሆንኩ ልሂድና ላምጣት። እስካሁን ሁለቱንም እንዳልሆን በጥንቃቄ ስለጠበቁኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

እንዳልወጣ ከታገድኩበት ከተማ፣ ሽቦ እንዳልሰቅል ከተከለከልኩበት ጣሪያ ሥር፣ መጋረጃ በሌለው መስኮት አጠገብ ሆኜ ውሳኔዎን የምጠባበቅ
አክባሪዎ ፍቃዱ (ያለ ፈቃድ)

ሳልረሳው፤ ቅዳሜ በቢሮዎ በኩል ሳልፍ ኤግዚቢቱን ጣሪያዎ ላይ አየሁት። በሲሚንቶ ተተክሎ የቴሌቪዥኑን አንቴና ተሸክሟል፤ የኳሱ ሥዕልም ጥርት ብሏል ይላሉ፤ እንኳን ደስ አለዎ። አሁን ቋሚ ሆኗልና ካርታውን ልጠይቅ አልደፍርም። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርዎ። ተሾመች አንቴናዬ መወረሱን አታውቅም፤ ስለዚህ ምሽት አንድ ሰዓት ሲሆን ዛሬም በራዲዮ ትጠራኛለች። ድምጿ ከእኔ ቤት ይልቅ የሚደርሰው እዚያ ዘንግ ላይ ነው። ጨዋታው ለእረፍት ሲወጣ፣ ለምን እንደማልመልስላት ይንገሩልኝ።