የለቀቅኋት ልጅ

ሞላሌ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለዓይኔ ብርሃን ለየምሥራች፣

ሰላምታዬ ከእኔ ቀድሞ ደብረ ብርሃን ይግባ። የነርስ ትምህርቱ እንዴት ይዞሻል? እዚህ ጉሙ ሦስት ቀን አልተነሣም። ከሸክላዬ ጢስ ጋር ተቀላቅሎ ደጁ ሁሉ ሕልም ይመስላል፤ ሰው ሲመጣ ድምፁ ይሰማል እንጂ መልኩ አይታይም።

ዳኜ፣ ያ የታች ሰፈሩ የወሰንየለሽ ባል፣ በመስከረም መጀመሪያ እንዲህ ባለ ጉም ውስጥ መጣ። በእኔ ማሰሮ ውሃ ይጠጣሉ፤ እኔን ግን ደጃቸውን አያስረግጡኝም። ልጃቸው ኮከቤ በትኩሳት ስትቃጠል ጢስ አጢሰው "ማን በላሽ?" ቢሏት "ሸክላ ሠሪዋ ጌታነሽ" አለች አሉ።

"መጥተሽ እንትፍ በይባት" አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ።

ሄድሁ። ልጅቷ ስትተነፍስ ጎኗ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ክረምት ላይ ያሳየሽኝ ትዝ አለኝ፤ ሳንባዋን ነው። ጤና ጣቢያ ውሰዷት ብል "ቡዳ የበላው መርፌ ከነካው ይሞታል" አሉኝ። ብለምን ማን ሊሰማኝ? ንዴቴ መጣ።

"አዎ፣ እኔ ነኝ የበላኋት" አልሁ። "የምለቃት ግን ሐኪሙ ሲወጋት ብቻ ነው።"

ያን ጊዜ ተሸክመዋት ሮጡ። እኔም ከኋላቸው፣ እግሬ መሬት የነካ ሳይመስለኝ፣ በጉሙ ውስጥ ተከተልሁ። በአምስተኛው ቀን ኮከቤ ቆሎ አምጡ አለች። ደስ አለኝ ልጄ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ልጅ የታመመበት ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል፤ "ጌታነሽ፣ ይህንንም ልቀቂልን።" ወደ ሐኪሙ እሰዳቸዋለሁ። እስካሁን አራት ለቅቄአለሁ። ብቻዬን ስሆን እስቃለሁ። ግን ቡዳነቴን በገዛ አፌ አጸናሁት። "ስመረቅ ሞላሌ ልመደብ" ያልሽውን ተይው፤ እናቷ ቡዳ ነኝ ብላ ያመነች ልጅ ነሽና ክንዳቸውን አያስነኩሽም። ይቅር በይኝ።

እኔን ትንሽ ሳል ይዞኛል። ነጠላዬ ላይ ቀይ ነገር አያለሁ፤ የሸክላው አፈር ይሆናል። ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። አግዳሚው ላይ ብቀመጥ እናቶቹ ልጆቻቸውን ሸፋፍነው ወጡ። ውጭ ቁር ነበር፤ ሕፃናቱ አሳዘኑኝና እነሱ እንዲገቡ ብዬ ተመለስሁ።

እመብርሃን በሄድሽበት ትቅደምሽ። እጅሽ የነካው ይዳን።

እኔንስ ማን በላኝ ልበል? ስሙን ባውቀው፣ ልቀቀኝ እለው ነበር።

እናትሽ ጌታነሽ